የደንበኛው መዝገብ የት ይደር?

የልደታ ደላላ በእግሩ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ቀድሞ ከአብነት እስከ ሜክሲኮ፣ ከተክለ ሃይማኖት እስከ ጌጃ ሰፈር እያካለለ የሚከራይ ሱቅ፣ የሚሸጥ ቤት፣ ገዢ የሚፈልግ መኪና ያፈላልግ የነበረው ሰው ዛሬ ከአልጋው ሳይወርድ ስልኩን ከፍቶ «ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ባለ ሁለት መኝታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ካርታ ያለው» ብሎ ይለጥፋል። መልዕክቱ በአንድ ጊዜ ለሺዎች ይደርሳል። የብረታ ብረትና የሲሚንቶ ነጋዴው፣ የመኪና መለዋወጫ አስመጪው፣ የእህል ነጋዴውም ከዚህ የተለየ አይሠራም። ገበያው ወደ ስልክ ገብቷል፤ አብዛኛውም በቴሌግራም ግሩፕና ቻናል ውስጥ ከትሟል።

ገበያ አንድ ቦታ ሲከትም ግን የቦታው ባለቤት ማን እንደሆነ መጠየቅ የነጋዴ ወግ ነው። ሱቅ የሚከራይ ሰው ውሉ የስንት ዓመት እንደሆነ፣ አከራዩ ልልቀቅ ቢል ስንት ወር እንደሚሰጠው፣ ያስገባውን መደርደሪያ ነቅሎ መውጣት ይችል እንደሆነ ሳያጣራ ቁልፍ አይቀበልም። ይኸው ሰው ለዓመታት ያጠራቀመውን ደንበኛ በሙሉ በማያውቀው አከራይ ቤት፣ ያለ ውል፣ መውጫውን ሳያይ አስገብቶ ተቀምጧል። የንግድ መደብር ሲሸጥ ስሙና ደንበኛው አብሮ ይሸጣል። ደንበኛው ያለበትን መዝገብ መቅዳት የማይችል ነጋዴ የሚሸጠው ባዶ መደርደሪያ ነው።

ብዙ የነጋዴዎችና የደላሎች ማኅበራት «ወዴት እንዛወር?» እያሉ የሚከራከሩት ያሉበት ቤት አንድ ቀን በድንገት ሲዘጋባቸው ነው። ጥያቄው ተገቢ ሆኖ ሳለ የሚነሳው ግን ዘግይቶ ነው። ከዚያም በላይ የተሳሳተውን ነገር ይጠይቃል። ነጋዴው መጠየቅ ያለበት የትኛው ቤት ያምራል ብሎ ሳይሆን ከየትኛው ቤት ዕቃን ይዞ መውጣት ይቻላል ብሎ ነው።

አድራሻ ያስለወጡ ዓመታት

የአዲስ አበባ ነጋዴ አድራሻ መለወጥ አዲሱ አይደለም። ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ለሕዝብ የቀረበው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በኢኮኖሚክ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው ክፍል በስልክ መስመር የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ኮርፖሬሽኑ ሥራውን ሲጀምር አስመጪና ላኪው በ«ቴሌኮም ነጥብ ኔት ነጥብ ኢቲ» የሚያልቅ አድራሻ አውጥቶ በደብዳቤ ወረቀቱና በቢዝነስ ካርዱ ላይ አሳተመ። ቆይቶ ይህ አድራሻ በኢትዮኔት ተተካ፤ ወረቀቱም እንደገና ታተመ። በ1998 ዓ.ም. የስልክ ቁጥሮች አሃዝ ሲጨመርባቸው ደግሞ የሱቅ ታፔላ ሁሉ እንደገና ተቀባ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያልተለወጠው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ነበር። ነጋዴው ሱቁን ከመርካቶ ወደ ልደታ ቢያዛውርም ሣጥኑ አብሮት ነበር፤ ምክንያቱም ሣጥኑ የተያዘው በነጋዴው ስም እንጂ በሱቁ አከራይ ስም አልነበረም።

የመልዕክት መንገድም እንዲሁ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል። የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ የተቋረጠው የሞባይል አጭር መልዕክት የተመለሰው ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የተቋረጠው ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ቆይቷል። በየካቲት 2015 ዓ.ም. በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ጉዳይ የተነሳውን ውጥረት ተከትሎ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ያህል ቆዩ። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ስለዘለቀ፣ የጎንደርና የጎጃም እህል አቅራቢ ከአዲስ አበባ ገዢው ጋር የሚገናኘው በድምፅ ስልክ ብቻ ሆኖ ነበር።

በነዚህ ወራት ሁሉም ነጋዴ እኩል አልተጎዳም። የደንበኞቹን ስልክ በደብተር የያዘው በአየር ሰዓት እየደወለ ሥራውን ቀጠለ። የደንበኞቹን የቅጽል ስም ብቻ በግሩፕ ውስጥ የሚያውቀው ግን ቪፒኤን ፍለጋ ሄደ፤ ቪፒኤን መጫን የማያውቀውን ደንበኛውን ደግሞ እስከ ሐምሌ ሳያገኘው ቀረ።

የያሁ ትምህርት

ቤት የሚዘጋው በመንግሥት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የያሁን ታሪክ ይመልከት። የኢሜይል መልዕክት ለብዙ አባላት በአንድ ጊዜ የሚያደርሰውን ኢግሩፕስ የተባለ ድርጅት ያሁ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ሲገዛው በ432 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት አክሲዮን ከፍሎበታል። ለመሆኑ ያን ያህል ዋጋ የተከፈለው ለምን ነበር? ሕንፃም ፋብሪካም አልተገዛም። የተገዛው የሰዎች ዝርዝር ነበር። የማኅበራት አባላት ዝርዝር ምን ያህል እንደሚያወጣ ዎል ስትሪት ያኔ ተምኖታል።

ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል በዓለም ዙሪያ ያሉ ማኅበራት፣ በውጭ ያሉ የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና የቀድሞ ተማሪዎች ጭምር፣ በያሁ ግሩፕስ ላይ ተጠልለው ኖሩ። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ድርጅቱ የተጠራቀመውን መልዕክት፣ ፎቶና ሰነድ ሁሉ እንደሚሰርዝ አስታወቀ። መጀመሪያ የሰጠው ጊዜ ሁለት ወር ገደማ ብቻ ነበር፤ ጩኸት ሲበዛበት በጥቂት ሳምንታት አራዘመው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ አገልግሎቱ ጨርሶ ተዘጋ። የያሁ ባለቤት በወቅቱ ቬራይዘን የተባለው ግዙፍ የስልክ ኩባንያ ስለነበር የገንዘብ እጥረት አልነበረበትም። የዘጋው ተጠቃሚው እየቀነሰ ስለሄደበት ነው። በነፃ የሚኖር ተከራይ ደግሞ ለመቆየት የሚከራከርበት ውል የለውም።

የያኔዎቹ ተፈናቃዮች አንድ ነገር ግን አግዟቸዋል። የኢሜይል ዝርዝር ስለነበር ኃላፊው የአባላቱን አድራሻ ማውረድ ይችል ነበር። በጊዜ የነቁት አድራሻውን አውርደው ወደ ሌላ ቤት አዛወሩ። ብዙዎቹ የገቡበት ግሩፕስ አይኦ የተባለው አገልግሎት የተመሠረተው በ2014 በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን፣ መሥራቹ ማርክ ፍሌቸር ከኢግሩፕስ ጋር የተዋሐደውን ዋንሊስትን ያቋቋመው ያው ሰው ነው። አባላቱ በማግሥቱ መልዕክት ሲደርሳቸው ከላኪው አድራሻ በቀር የተለወጠ ነገር አላዩም። ያልነቁት ግን ሁሉንም አጡ።

የልደታ ዕድር

ይህን ነገር ለመረዳት ግን አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የልደታ ነባር ሰፈር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ተለያዩ የከተማዋ አቅጣጫዎች፣ ብዙውም ወደ ዳርቻዎቹ፣ ተበትኗል። ቤቱ ፈረሰ፣ ጎረቤት ተለያየ። በሰፈሩ ላይ ብቻ የቆመ ግንኙነት፣ ለምሳሌ ጠዋት ጠዋት የሚጠጣ ቡናና በዱቤ የሚወሰድ ሸቀጥ፣ በዚያው ጠፋ። አባላቱን በመዝገብ ጽፎ የያዘ ዕድር ግን ቢያንስ ማን የት እንደገባ ማወቅ ይችላል፤ አባሉም ከሄደበት ተመልሶ ወርኃዊውን እየከፈለ መቀጠል ይችላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዕድር መዝገብ በዕድሩ እጅ ነው። ጸሐፊው ቢለወጥ መዝገቡን ለተተኪው በፊርማ ያስረክባል። ድንኳኑና ብረት ድስቱ የትም ቤት ይቀመጥ፣ የአባላቱ ስም ግን የዕድሩ ነው። የዛሬው የቴሌግራም ግሩፕ በዚህ ሚዛን ሲመዘን ከዕድር ያነሰ ድርጅት ነው። አባላቱን የከፈተው ሰው እንኳን ሁሉንም በስልክ ቁጥራቸው አውጥቶ መጻፍ አይችልም። ግሩፑ የሚገዛው በአንድ ሰው የስልክ ቁጥር ነው፤ ያ ሰው ቢጣላ፣ ሲሙን ቢጥል፣ አካውንቱ ቢሰረቅ ወይም ቢሞት አምስት ሺህ አባል ያለው ገበያ ጌታ የሌለው ከብት ይሆናል።

ገበያው ላይ ያሉት ቤቶች

ታዲያ ነጋዴው ምን ምርጫ አለው? አንድ በአንድ ማየት ይገባል።

ቴሌግራም ነፃ ነው፤ ግሩፑ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ ፎቶና ሰነድ እንደልብ ይጫንበታል። ከሁሉ በላይ ደንበኛው ቀድሞውንም እዚያ ነው። ድክመቱ ከላይ እንደተባለው መዝገቡ የማይወጣ መሆኑ ነው። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ሲያዙ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተጠቃሚዎች የደነገጡት በአንድ ሰው ላይ የቆመ ቤት ውስጥ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ነው።

ዋትስአፕ በ2015ቱ እገዳ ከተዘጉት ውስጥ አልነበረም። ነገር ግን በአንድ ግሩፕ 1,024 ሰው ብቻ ይይዛል፤ በተራ ግሩፕ ውስጥ ደግሞ የአባላቱ ስልክ ለሁሉም ይታያል። ይህ ለመዝገብ ያዡ ይጠቅመዋል፣ ለተፎካካሪውም እንዲሁ። የገባው ደላላ ሁሉ ደንበኞቹን ለቅሞ ይወጣል።

አጭር የስልክ መልዕክት ያለ ኢንተርኔት ይደርሳል፤ ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው የገጠር አቅራቢም ያነበዋል። መዝገቡም በላኪው እጅ ነው። ይሁንና በመልዕክት ልክ ይከፈልበታል፣ ፎቶ አይልክም። እሱም ቢሆን በ1997 ዓ.ም. የደረሰበት አይረሳም።

የኢሜይል ዝርዝር በአገራችን እንደ ሽማግሌ ነገር ይታያል። የቤት ፈላጊው አብዛኛው ኢሜይሉን አይከፍትም፤ ይህ እውነት ነው። ለላኪውና ለአስመጪው፣ ለባንኩና ለኢንቨስተሩ ግን ፕሮፎርማና ውል የሚመላለስበት መንገድ እስከ ዛሬ ኢሜይል ነው። ልዩ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። የራሱ የድረ ገጽ ስም ያለው ማኅበር አድራሻው እንደ ፖስታ ሣጥኑ አብሮት ይዞራል። ዛሬ በአንድ ድርጅት ኮምፒዩተር ላይ ያሳደረውን ዝርዝር ነገ ወደ ሌላ ቢያዛውረው ደንበኛው የሚያውቀው አድራሻ ያው ነው። በ«ኢቲ» የሚያልቅ ስም በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በብር ይገኛል፤ በአገር ውስጥም ቦታ የሚያከራዩ የዳታ ማዕከላት ተከፍተዋል። ማይልማን የተባለውን ዓይነት የኢሜይል ዝርዝር ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል፤ የሚከፈለው ለሚያስተዳድረው ባለሙያ ነው። የውጭዎቹ የተሻሉ አገልግሎቶች ግን በዶላር ካርድ ስለሚከፈሉ ለትንሽ ነጋዴ አይቀመሱም።

ከነዚህ አንዱም ብቻውን አይበቃም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከልደታ ብዙም ሳይርቅ ሜክሲኮ አካባቢ ግብይት ሲጀምር የዕለቱን ዋጋ በአንድ መንገድ ብቻ አልለቀቀም። በገበያ ከተሞች በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በአጭር መልዕክት፣ ተደውሎ በሚሰማ ድምፅ፣ በሬዲዮና በጋዜጣ አሰራጭቷል። ዋጋው የሚወጣው ከአንድ ቋት ሲሆን በሮቹ ግን ብዙ ነበሩ። አንዱ በር ቢዘጋ ገበሬው በሌላው ይሰማል። ለአንድ የደላሎች ማኅበርም ቢሆን ትክክለኛው አሠራር ይኸው ነው፤ ቋቱ አንድና የራስ ይሁን፣ በሮቹ ይብዙ።

«ገበያው ያለው እዚያ ነው»

ይህን ሲሰሙ ብዙዎች የሚያነሱት መከራከሪያ አለ። «ገበያው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ገበያው ካለበት ወጥቶ የት ይኬዳል?» ይላሉ። መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ገዢ የሚመጣው ሻጭ ስላለ ነው፤ ሻጭም የሚመጣው ገዢ ስላለ ነው። መርካቶ ውስጥ የምናለሽ ተራ ዕቃ ሻጭ ብቻውን ተነስቶ ሌላ ሰፈር ቢከፍት ገዢው አይከተለውም። በስልክ ገበያም ሕጉ ያው ነው። ብቻውን ቀድሞ የሚወጣ ይከስራል፤ ስለዚህ ማንም ቀድሞ አይወጣም፤ ሁሉም ቤቱ እስኪፈርስ ይጠብቃል።

መልሱ ግን ገበያውን ልቀቁ የሚል አይደለም። መደቡ እዚያው ይቆይ፣ ደብተሩ ግን ቤት ይግባ ነው። እንበልና አንድ የቤት ደላላ አራት ሺህ ተከታይ አለው። ከነዚህ ውስጥ ዕለት ዕለት የሚያነቡት ብዙ ቢሆኑም በዓመት ውስጥ በእርግጥ የሚገዙት ወይም የሚሸጡት ምናልባት ሁለት መቶ አይሞሉም። የስምንት ሚሊዮን ብር ቤት በሁለት በመቶ ኮሚሽን 160,000 ብር ያስገኛል። ከሁለት መቶዎቹ አንዱን ብቻ በእገዳ ወር አጥቶ ስምምነቱ ቢፈርስ ይህን ገንዘብ አጣ ማለት ነው። ሁለት መቶ ስም፣ ስልክና የሚፈልጉትን ነገር በደብተር ወይም በኮምፒዩተር ለመመዝገብ የሚፈጀው ግን የአንድ ጸሐፊ የጥቂት ቀናት ደመወዝ ነው። ይህን ሒሳብ የማይገባው ደላላ አይኖርም። ያልተሠራው ነፃ የሆነ ነገር ኪራይ የሌለው ስለሚመስል ነው።

ሌላው ጉዳይ ማስረጃ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልዕክት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቶታል። በኮሚሽን ወይም በቀብድ ተጣልቶ ልደታ ፍርድ ቤት የሚቆም ነጋዴ ያቀረበው ዋጋ፣ የተባለው ቃልና ቀኑ ያሉት በስልኩ ውስጥ ነው። ግሩፑ ከተሰረዘ ወይም ሌላው ወገን መልዕክቱን ካጠፋው በእጁ የሚቀረው ምላሱ ብቻ ነው። በየወሩ መጨረሻ የመልዕክቱን ቅጂ አውርዶ ማስቀመጥ ከጠበቃ ክፍያ ይረክሳል።

ዕቃ ሲጫን

መዛወር የግድ ሲሆን ደግሞ ሥርዓት አለው። ቤት የሚለቅ ሰው ቀድሞ ዕቃውን ይቆጥራል፤ ማኅበርም ከሁሉ በፊት ማን አባል እንደሆነ መቁጠር አለበት። ቀጥሎ አዲሱ ቤት ከተከፈተ በኋላ አሮጌው ወዲያው አይዘጋም። ቢያንስ ለሁለትና ለሦስት ወር አንዱ ማስታወቂያ በሁለቱም ይለጠፋል። አሮጌው ከተዘጋም በኋላ በሩ ላይ «ወደዚህ ተዛውረናል» የሚል ጽሑፍ ይቀመጣል። ይህ ካልተደረገ አጭበርባሪ በተመሳሳይ ስምና ፎቶ ግሩፕ ከፍቶ ቀብድ ይሰበስባል፤ ስሙ የሚጠፋውም የዋናው ነጋዴ ነው።

የኃላፊነቱም ነገር አለ። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ መዋል የለበትም። ማኅበሩ በራሱ ስም ሲም ካርድ ያውጣ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች የአስተዳዳሪነት መብት ይኑራቸው፤ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ። ሰው ሲለወጥ ርክክቡ እንደ ዕድሩ በፊርማ ይሁን።

በመጨረሻም የደንበኛው ፈቃድ ሊታለፍ አይገባም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን ስምና ስልክ ሰብስቦ የሚይዝን ሁሉ ይመለከታል። ከሌላ ግሩፕ ቁጥር እየለቀሙ በማያውቁት ሰው ላይ ማስታወቂያ ማዝነብ እስከ አሁን የደላላ ብልጠት ተብሎ ታልፎ ሊሆን ይችላል፤ ከእንግዲህ በሕግ ያስጠይቃል። ከሕጉም በፊት ንግዱ ራሱ አይወደውም። «ስልክህን ልመዝግበው ወይ? ስለ ምን ላሳውቅህ?» ተብሎ ተጠይቆ እሺ ያለ አንድ ደንበኛ ሳይጠየቁ ከተጨመሩ መቶዎች ይበልጣል።

የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እየተወሰነ ነው። ወሬ ቶሎ የደረሰው ያተርፋል፣ የዘገየበት ይከስራል። በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ የነጋዴው ትልቁ ሀብት የሚያምኑት ሰዎች ዝርዝር ነው። ያን ሀብት ሰው ቤት አስቀምጦ በሰላም የሚተኛ ነጋዴ፣ ገንዘቡን ያለ ደረሰኝ ለማያውቀው ሰው አደራ የሰጠ ያህል ነው። ቴሌግራሙ ይቀጥል፣ ዋትስአፑም ይቀጥል። ደብተሩ ግን ዛሬ፣ ኢንተርኔቱ እየሠራ ሳለ፣ ወደ ባለቤቱ እጅ ይመለስ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚጻፍ ዝርዝር የለምና።